«ማሽኑ ባያውቀኝ አንተ አታውቀኝም?»

ስም ማውጣት ሥልጣን ነው። በእኛ አገር ይህን ለማስረዳት ምሁር መጥራት አያስፈልግም። በደርግ ጊዜ «አናርኪስት» የሚል ስም የወጣለት ወጣት መጨረሻው ምን እንደነበር የወለዱት እናቶች ይመስክሩ። ቀጥሎ ዘመን ተለወጠ ተባለና «ትምክህተኛ»፣ «ጠባብ»፣ «የደርግ ርዝራዥ» መጣ። በቅርቡ በጦርነቱ ሰሞን ደግሞ «ፀጉረ ልውጥ» የሚባል ቃል በየመግለጫው ይዘንብብን ነበር። ፀጉሩ ከማን ፀጉር ነው የተለወጠው? ትክክለኛው ፀጉርስ የትኛው ነው? ጠያቂ እንጂ መላሽ አልነበረም። ስም አውጪው ተጠይቆ አያውቅማ!

ይሁንና ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ስለ ካድሬ ለመጻፍ አይደለም። ስለ ማሽን ነው። ነገሩ ግን ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚሉት የዘመኑ ጉድ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ሰውን አይቶ ስም ማውጣት ነው። ይህ ታማኝ ነው፣ ያ ተጠርጣሪ ነው፤ ለዚህ ብድር ይሰጠው፣ ያኛው ይቆይ፤ ይህ ይለፍ፣ ያ ይፈተሽ ይላል። ካድሬው ቢያንስ ለምሳ ይወጣ ነበር። ይኸኛው ግን አይርበው፣ አይደክመው።

የሚገርመው፣ ይህን ጉድ በአደባባይ ካሳዩን ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሞቹ ሹማምንት አይደሉም። የጥበብ ሰዎች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅለው «በእጅ መንካት ክልክል ነው» ከሚሉት ወገን አይደሉም። ተመልካቹን ራሱን የሥራው አካል ያደርጉታል። አንተ ትቆማለህ፣ ማሽኑ ያይሃል፣ ያየውን ይነግርሃል። ያን ጊዜ ሥዕሉ አንተው ነህ ማለት ነው። «የሀብታም አገር ቅንጦት!» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን እንዲህ ዓይነቱ ጥበብ ከብዙ ጥራዝ ሪፖርት የበለጠ ሠርቷል፣ ለእኛም ከማንም በላይ ያስፈልገናል ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ትሬቨር ፓግለን የተባለ አሜሪካዊ የጥበብ ሰውና ኬት ክሮፎርድ የተባለች የአውስትራሊያ ተወላጅ ተመራማሪ፣ በጣሊያን ሚላን ከተማ በፎንዳሲዮኔ ፕራዳ አንድ ኤግዚቢሽን ከፈቱ። ከዚሁ ጋር «ኢሜጅኔት ሩሌት» የሚባል ፕሮግራም ለሕዝብ ለቀቁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ፎቶህን ትሰጠዋለህ፤ ማሽኑ ፊትህን በካሬ መስመር ይከብና ማን እንደሆንክ ይነግርሃል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሰዉ እንደ ጨዋታ ነበር የጀመረው። ፎቶውን እየላከ፣ የወጣለትን ስም ለጓደኛው እያሳየ ይስቅ ነበር። ሳቁ ግን አልቆየም። ጥቁር ሰዎች ፎቷቸውን ሲሰጡ «ወንጀለኛ»፣ «ጥፋተኛ» የሚል ይመጣ ጀመር። ለአንዳንዶቹማ ጋዜጣ ላይ ለማተም የሚያሳፍር የዘር ስድብ ነው የወጣላቸው። ምንም አላደረጉም እኮ! ያሳዩት ፊታቸውን ብቻ ነው።

ለመሆኑ ማሽኑ ይህን ስድብ ከየት ተማረው? ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ሰዎች ስድቡን ራሳቸው አልፈጠሩትም። ማሽኑን ያሠለጠኑት እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ምሁራን ይፋ በሆነውና ከ14 ሚሊዮን በላይ ምስሎች በያዘው «ኢሜጅኔት» በተባለ ክምችት ነው። ይህ ክምችት የዛሬዎቹ ማሽኖች ማየት የተማሩበት የፊደል ገበታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፎቶዎቹ ከኢንተርኔት የተለቀሙ ናቸው፤ ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ፈቃድ የጠየቀ የለም። ስሞቹ የተወሰዱት ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1985 ማዘጋጀት ከጀመረው «ወርድኔት» ከሚባል የእንግሊዝኛ የቃላት ማኅደር ነው። የትኛው ፎቶ የትኛው ስም ሥር ይግባ የሚለውን ያጣሩት ደግሞ በአማዞን ኩባንያ በኩል የተገኙ፣ በየቤታቸው ቁጭ ብለው በቁጥር ሳንቲም የሚከፈላቸው ሠራተኞች ናቸው።

ውሻን «ውሻ»፣ ብርቱካንን «ብርቱካን» ማለት ጣጣ የለውም። ሰው ላይ ሲደረስ ነው መዘዙ። በዚያ ክምችት ውስጥ ሰው ብቻውን 2,832 ዓይነት መደብ ወጥቶለት ነበር። ቢራ የሚጠጣ ወጣት «የአልኮል ሱሰኛ» ተብሎ ተመዝግቧል። የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሕፃን «የከሸፈ፣ ያልተሳካለት» ተብሏል። እስቲ ፍረዱ፣ መነጽር ማድረግንና መክሸፍን ምን አገናኛቸው? ያውም በሕፃን ዕድሜ! ፎቶ የሰውን ባሕርይ አያሳይም፤ ዕዳውንም፣ ኃጢአቱንም አያሳይም። አንድ የማናውቀው ሠራተኛ በችኮላ የገመተውን ማሽኑ እውነት ብሎ ያዘ። ግምት ማሽን ውስጥ ገብቶ ሲወጣ «ሳይንስ» ይባላል። ዘዴው ይኸው ነው።

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይላል ያገሬ ሰው። ዛሬ ቤቱ አሜሪካ ሆኗል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ዓለም በሙሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ሆነ? በዚያው ወር የኢሜጅኔት አዘጋጆች ከ2,832ቱ መደቦች 1,593ቱ ለሰው የማይገቡ ናቸው ብለው፣ በሥራቸው ያሉትን 600,040 ምስሎች እንደሚያስወግዱ አስታወቁ። ለእውነት ለመናገር፣ ጉዳዩን ከኤግዚቢሽኑ በፊት ጀምረን ስናጠናው ነበር ብለዋል። ይሁን፣ እንመናቸው። ነገር ግን ክምችቱ ይፋ ከሆነ አሥር ዓመት ሞልቶት ነበር። በእነዚያ ዓመታት የምሁራኑ ጽሑፍ ያላስነሳውን ጩኸት፣ ተራው ሰው ፎቶውን ሰጥቶ የወጣለትን ስም ባየ በጥቂት ቀናት ውስጥ አስነሳው። ሲነገርህና ሲደርስብህ ልዩነት አለዋ! ፓግለንና ክሮፎርድም ፕሮግራሙን በዚያው ወር መጨረሻ ዘጉት። ሥራውን ጨርሷል።

ሁለተኛው ታሪክ የመስታወት ታሪክ ነው። ወላጆቿ ጋናውያን የሆኑት ጆይ ቡኦላምዊኒ፣ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች አንድ የጥበብ ሥራ አሰበች። መስታወት ፊት ትቆማለህ፤ ካሜራው ፊትህን ይከተልና የምትመኘውን ነገር፣ ለምሳሌ አንበሳ፣ ፊትህ ላይ ያሳይሃል። ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ችግሩ፣ ካሜራው የእሷን ጥቁር ፊት አላይ አለ። ሞከረች፣ እምቢ። በመጨረሻ ነጭ ጭምብል አጥልቃ ስትቆም ወዲያው አየ! ጎበዝ፣ ነገሩን ልብ በሉ። ጭምብሉ ሰው ሆነ፤ ሰዋ ጠፋች።

ሌላ ሰው ቢሆን ተናዶ መስታወቱን ይሰብር ነበር። እሷ ግን ጥያቄ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከትምኒት ገብሩ ጋር ሆና የ1,270 ሰዎችን ፊት ሰብስባ የሦስት ኩባንያዎችን ማሽን ፈተነች። ኩባንያዎቹ እንዲህ በቀላሉ የሚታዩ አይደሉም፤ ማይክሮሶፍት፣ አይ.ቢ.ኤም. እና የቻይናው ፌስ ፕላስ ፕላስ ናቸው። ጥያቄው «ይህ ሰው ወንድ ነው ሴት?» የሚል ብቻ ነበር። ቆዳቸው ነጣ ያለ ወንዶች ላይ የማሽኖቹ ስሕተት ቢበዛ 0.8 ከመቶ ነው። ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 ከመቶ ደርሷል። ከሦስት ጥቁር ሴት አንዷን ማሽኑ «ወንድ» ይላታል ማለት ነው!

እዚህ ላይ ትምኒት ገብሩ ማን እንደሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። ከኤርትራውያን ወላጆች አዲስ አበባ የተወለደች ናት። የ15 ዓመት ልጅ ሳለች የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መጣ። ከቤተሰቧ ገሚሱ ወደ ኤርትራ ተባረረ፤ እሷም አገር ጥላ ወጥታ ከብዙ እንግልት በኋላ አሜሪካ ጥገኝነት አገኘች። ያኔ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ በአውቶቡስ የተጫነው በሠራው ሥራ ነበር እንዴ? አልነበረም። በተጻፈበት ስም ነው። ስም ምን እንደሚያደርግ በልጅነቷ የቀመሰች ሴት፣ አድጋ የማሽንን ስም አወጣጥ መመርመሯ ለእኔ አጋጣሚ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በአንድ የጥናት ጽሑፍ ሰበብ ከጉግል ተለያየች። እሷ ተባረርኩ አለች፤ ኩባንያው መልቀቂያዋን ተቀበልኩ አለ። በዓመቱ የራሷን የምርምር ተቋም አቋቋመች። የሚናገር ሰው ከሥራ ይወጣል፤ ይህም ለእኛ አዲስ ዜማ አይደለም።

«ማሽኑ ቢሳሳት ምን ይመጣል? ይስተካከላል» የሚል ካለ፣ በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ ያደረገውን ይስማ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አባወራ በሚስቱና በሁለት ሴት ልጆቹ ፊት በካቴና ታስሮ ተወሰደ። የፖሊስ ማሽን ፎቶ አመሳክሮ «ሰዓት የሰረቀው ይህ ነው» ብሏላ! 30 ሰዓት ያህል ታሰረ። ሰውዬው እሱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተማው 300,000 ዶላር ከፍሎ ፖሊስ በማሽን ግጥጥሞሽ ብቻ ተነስቶ ሰው እንዳያስር ተስማማ። መልካም ነው። ነገር ግን አባታቸው በካቴና ሲወጣ ያዩት ልጆች ዓይን ስንት ዶላር ያወጣል?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አንዳንድ ወዳጆቼ «አንተ ደግሞ! ማሽን እኮ ጉቦ አይበላም፣ ዘመድ አያይም፣ ዘር አይቆጥርም» ይሉኛል። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ «ነገ ተመለስ» ስንባል የኖርን ሰዎች ነን። ከእንዲህ ዓይነቱ ባለሥልጣን ማሽን ይሻላል ቢባል ማን ይፈርዳል? ነገር ግን ማሽኑ ከሰማይ አልወረደም። ሰው ነው የሠራው፣ ሰው ነው ያስተማረው። «ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም» ይባላል። ይህ ዕቃ ደግሞ ሁለቱንም አሟልቶ የያዘ ነው። ጉቦኛው ሹም ቢያንስ ፊት አለው፣ ስም አለው፤ ትከሰዋለህ፣ ጋዜጣ ላይ ታወጣዋለህ፣ ቢያቅትህ ትረግመዋለህ። ማሽንን ማን ይረግማል?

እናቴ የገጠማት ይህ ነው። ባለፈው ዓመት ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ይዣት ሄጄ ነበር። ጣቷን መሣሪያው ላይ ስታስቀምጥ «እንደገና ይሞክሩ» ይላል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ ቀኝ፣ ግራ፤ ሁሉንም እምቢ አለ። ሃምሳ ዓመት ልብስ ያጠበ፣ ጋን ያጠነ እጅ ነው፤ መስመሩ አልቋል። ከመስኮቱ በስተኋላ ያለው ሠራተኛ ደግሞ የሰፈራችን ልጅ ነው። በልጅነቱ ከእኔ ጋር እናቴ ከጋገረችው ሲጎርስ ያደገ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሲስተሙ አላወቀዎትም» አላት። እሷም ቀና ብላ አየችውና «ልጄ፣ ማሽኑ ባያውቀኝ አንተ አታውቀኝም?» አለችው።

ልጁ አቀረቀረ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሥልጣን ነው ያልነበረው። የሚያውቃት ሰው አይወስንም፤ የሚወስነው ማሽን አያውቃትም። የሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሥነ ምግባር ጥያቄ በትልልቅ ቃላት ለሚያወሳስቡብን ሁሉ፣ ጥያቄው ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አይደለም።

ነገሩ ከመጉላላትም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በባሕር ዳር አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በደጃቸው በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት በፌስቡክ ስማቸውና ፎቷቸው ከውንጀላ ጋር ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ጽሑፉ እንዲነሳ ብንለምን አልሰማንም፣ የኩባንያው ማሽንም ጥላቻን እየመረጠ ያራግባል የሚል ነው ክሱ። ኩባንያው ክሱን ቢቃወምም፣ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ስሙን ያወጣው ሰው ነው። አራግቦታል የተባለው ግን ማሽን ነው። ለዚህም አቤት ለማለት ጎረቤት አገር መሄድ አስፈለገ።

መንግሥታችን በበኩሉ በዲጂታሉ ጎዳና እየሮጠ ነው። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ለ«ፋይዳ» የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል እየሰጠን ነው። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም አለን። ሩጫውን አልቃወምም፤ ወረፋና ጉቦ የሚቀንስ ነገር ሁሉ እሰየው ነው። መታወቂያ ማንነትን ያረጋግጣል እንጂ ለሰው ስም አያወጣም ብንባልም፣ ነገ በዚያ ላይ ምን እንደሚጨመር ዛሬ መጠየቅ መብታችን ነው። ለመሆኑ በእነ ጆይ ጥናት ፊታቸው የተፈተነው የሩዋንዳ፣ የሴኔጋል፣ የደቡብ አፍሪካና የሦስት የአውሮፓ አገሮች የምክር ቤት አባላት ናቸው። የእኛን ፊትስ ማን ፈተነው? የአፋሩን፣ የሐመሯን፣ የጎጃሙን ገበሬ ፊት ማሽን ስንቴ ይስተዋል? ሕዝብ ፊት የወጣ መልስ አላየሁም።

ስለዚህ ነው ጥበቡ ያስፈልገናል የምለው። ሰውን የሚለይ፣ የሚመዝን፣ የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ ማሽን በየመሥሪያ ቤቱ ከመተከሉ በፊት አደባባይ ይውጣ። የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልጆች ከኢንስቲትዩቱ ባለሙያዎች ጋር ይቀመጡና አዳራሽ ይክፈቱልን። በነፃ እንግባ። ሊስትሮውም፣ ዲያቆኑም፣ ሼኩም፣ ጉሊት ቸርቻሪዋም ማሽኑ ፊት ይቁሙ። ምን እንደሚላቸው በገዛ ዓይናቸው ይዩ፤ የሚያስቀው ያስቀን፣ የሚያስቆጣው ያስቆጣን። ባለሙያውም እዚያው ቆሞ «ለምን እንዲህ አለኝ?» ለሚለው መልስ ይስጥ። መልስ ከሌለው ማሽኑን ይዞ ይመለስ። የሚሠራ ማሽን ከሆነ መታየት አይጎዳውም።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ነገር ይጨመር። አንደኛ፣ ማሽኑ በተተከለበት መስኮት ሁሉ ለውሳኔው ኃላፊ የሆነው ሰው ስም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ያ የሰፈራችን ልጅ «እኔ አውቃቸዋለሁ» ብሎ ፈርሞ የማስተናገድ ሥልጣን ይሰጠው፤ ቢዋሽም በስሙ ይጠየቅ። ይህ ከውጭ በሚመጣ ብድር የሚሠራ ነገር አይደለም። አንድ መመሪያና ትንሽ ቅን ልቡና ይበቃዋል።

ሠላሳና አርባ ዓመት ስም ሲወጣልን ዝም አልን፤ ዝምታችን ምን እንዳስከፈለን እናውቃለን። አሁን ደግሞ ስም አውጪው ኤሌክትሪክ የሚበላ ሆኖ መጥቷል። የፈለገው ዘመናዊ ይሁን። ስም ሊያወጣልን የተነሳውን ሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንጠይቀው፤ አንተስ፣ ስምህ ማን ይባላል?